አሮጌውን ያላመጣ አዲሱን አያይም

የአውቶብስ ጋራዡ መለዋወጫ ግምጃ ቤት አንድ መስኮት ብቻ አለው። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል፤ ከፍርግርጉ በታች ዕቃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ከላይ ደግሞ በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «አሮጌውን ያላመጣ አዲሱን አያይም።»

ደንቡን ያወጣው ሰው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም አሉ። በአንድ ወቅት አዲስ ዕቃ በፊት በር እየገባ በጓሮ በር ይወጣ ነበርና፣ አዲስ የሚፈልግ መካኒክ መጀመሪያ የተበላሸውን ፈትቶ ያሳይ ተባለ። ማለፊያ። ግን ለሌባ የተጠመደ ወጥመድ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የባለቤቱን እግር ነው። ሌባውማ ሲጠመድ ቆሞ ያያል።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንዲት ጎረቤቴ ለመናገር ነው። ጋራዡ ውስጥ «ሰሌዳ» ይሏታል። የትኛው አውቶብስ በየትኛው ቀን ለጥገና እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት። መካኒኮቹ ከአውቶብስ ሥር ገብተው የሚሠሩበት ጉድጓድ አንድ ነው፤ ተረኛው ግን ግቢውን ሞልቶ ይውላል። ስለዚህ ከቢሮዋ ግድግዳ ላይ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅላ ተራውን በጠመኔ ትጽፋለች። ኮምፒውተርም ሰጥተዋታል። «ኮምፒውተሩን አለቃ ብቻ ነው የሚያየው፣ ሰሌዳውን ግን ሁሉም ያየዋል» ብላ የምታምነው ጠመኔዋን ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል፣ አለቀ። አንድ ሾፌር በብርቱካን ሊያባብላት ሞክሮ ነበር። ብርቱካኑን ለጥበቃዎቹ አከፋፍላ ሾፌሩን እዚያው ተራው ላይ ተወችው። ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ከላይ ቢያስደውሉባት ጠመኔዋ ንቅንቅ አይልም። ጓደኛ ብዙ የላትም። የሚጠረጥራት ግን አንድም የለም፤ እንደዚያ ባለ ግቢ ውስጥ ይህ ቀላል ሀብት አይደለም።

ሰሌዳ የምትኖረው ከእኛው ጋር ዳገቱ ላይ ነው፣ ከታላቅ እህቷ ጋር። እህትየው ታችኛው ገበያ ክርና መርፌ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ከጉልበት በስተቀር ሁሉም ነገር አላት። ቁልቁለቱን በእግሯ ብትወርድ እንኳ ዳገቱን መመለስ አይታሰብም። ወደ ዳገቱ የሚወጣው አውቶብስ አንድ ብቻ ነበር። እሱ ሲበላሽ እህትየው ቤት ዋለች፣ ሱቁ ተዘጋ። ሴትዮዋ ሥራ ስትፈታ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። የቤቱን ዕቃ ሁሉ ቦታ ቀያየረችው። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች።

«ዛሬስ?» ትላታለች ገና ከበር ስትገባ።

«ዛሬም አልመጣም።»

«ጥገናውን የምትመድቢው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ ተራ ነው የምመድበው። ፓምፕ አልወልድም።»

እውነቷን ነው። አውቶብሱን ያቆመው የውሃ ፓምፑ ነበር፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያዞረው ማለት ነው። ግምጃ ቤቱ ፓምፕ አልነበረውም። አውቶብሱ ከአጥሩ ሥር ቆመ፣ ሰሌዳም በስሙ ትይዩ «ዕቃ በመጠበቅ ላይ» ብላ ጻፈች፣ ዝናብም መጣ።

በዚህ መሀል ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት መመሪያ ወረደ። የወሩ መጨረሻ ላይ የመስመር ድልድል ይሠራል፤ በዚያን ቀን የሚንቀሳቀስ አውቶብስ የሌለው መስመር «ለጊዜው» ይታጠፋል። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። እኔ በሕይወቴ ለጊዜው ታጥፎ የተዘረጋ ነገር አላየሁም። መስመሩ ከታጠፈ የሰሌዳ እህት ሱቋን ለሌላ ሰው ለቃ ዳገቱ ላይ ቁጭ ማለቷ ነው። ሌሎቻችንም እንደዚያው ነን፤ የእኛ ጉልበት ገና ስላልከዳን ነው እንጂ።

በመጨረሻ ፓምፖቹ ገቡ። ሰሌዳ ካርቶኖቹ ከመኪና ሲወርዱ በዓይኗ አይታ፣ ለዳገቱ አውቶብስ በድልድሉ ዋዜማ ጉድጓዱን መድባ፣ ወደ ግምጃ ቤቱ መስኮት ሄደች። ግምጃ ቤት ያዡን «ፍርግርጉ» ነው የሚሉት። ከፍርግርጉ ኋላ ተቀምጦ ስለሚውል ፊቱን ሙሉውን ያየ ሰው ጥቂት ነው።

«አሮጌውስ?» አላት።

«አውቶብሱ ላይ ነዋ።»

«አይደለም። ቀደም ሲል የመጣው መካኒክ አይቶታል። ቦታው ባዶ ነው።»

ሄዳ አየች። በእርግጥም የተበላሸው ፓምፕ ተፈትቶ ተወስዷል። ባትሪው አለ፣ ጎማው አለ፣ መስታወቱ እንኳ አለ። የተወሰደው የማይሠራው ዕቃ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለውጭ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ግቢ ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ከደህናው ይበልጣል። ደህናው ዕቃ መሥራት እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም፤ የተሰበረው ግን አዲስ ያስገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ መካኒክ ቁም ሳጥኑን በስብርባሪ ሞልቶ ይቆልፋል። የተሰነጠቀ ፓምፕ፣ የተቃጠለ ዲናሞ፣ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ። ሾፌሩ ሜዳ ላይ ቆሞ አሮጌ ዕቃ የጠፋበት እንደሆነ አንዱ ከሳጥኑ ያበድረዋል፣ ወይም አያበድረውም፣ ወይም የሆነ ነገር ይጠይቀዋል። ዕቃው እያለ አውቶብሱ የሚቆምበት፣ የተሰበረ ብረት በቁልፍ የሚጠበቅበት፣ ጤነኛ ጎማ ዝናብ የሚመታበት ግቢ ነው። እና ይህን ሥራ ብለው ይጠሩታል።

«እሺ፣ አሮጌው ተሰርቋል» አለች ሰሌዳ ተመልሳ። «አዲሱ እዚህ ከኋላህ ተደርድሯል፤ ከዚህ ይታየኛል። አውቶብሱ እዚያ ቆሟል። ፓምፕ እንደሌለው አንተም ታውቃለህ። ታዲያ ምን ቀረ?»

«አሮጌው ቀረ።»

«አውቶብሱ ያለ ፓምፕ ነው የተፈጠረው ብለህ ነው የምታስበው?»

«እኔ አላስብም እትዬ። እዚህ የተቀመጥኩት እንዳስብ አይደለም።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ሰው ነው። ጥሩነቱ ግን እንደ ቆላ ጥላ ነው፤ ከሥሩ ስትቀመጥ አብሮህ ይሞቃል። በደንብ አዳመጣት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አዘነም።

«በደብዳቤ ጠይቂ» አላት።

«ማንን?»

«እኔን።»

«አሁን እየጠየቅኩዎት አይደል?»

«በደብዳቤ ሲሆን ለሚመለከተው እመራዋለሁ።»

ጻፈች። ለሚመለከተው መራው። የሚመለከተው ፍርግርጉ ነበር። ከደብዳቤው ጥግ ላይ ሥራ አስኪያጁ በሚያምር እጅ ጽሑፍ «በደንቡ መሠረት ይፈጸም» ብሎ ፈርሞበታል። ፍርግርጉ አንብቦ በአክብሮት አጣጥፎ መለሰላት። «እኔስ ምን አልኩሽ?» አለ።

ድልድሉ እየቀረበ ነበር። ከዚህ በኋላ የቀራት አንድ ሰው ነው። ጋሽ ባንክ የሚባሉት የመካኒኮቹ አንጋፋ። ስማቸውን ያገኙት ከቁም ሳጥናቸው ነው። የእሳቸው ሳጥን አንድ አይደለም፣ ሦስት ጡረተኞች ሲወጡ ትተውላቸው የሄዱትን ጨምረው ግድግዳውን ሙሉ ይዘውታል። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ሞተርን በጆሯቸው ይለያሉ። ግን አንድ የተሰነጠቀ ፓምፕ ከሳቸው ከመለመን ጥርስን ያለ መርፌ መነቀል ይቀላል።

«ጋሼ፣ አንድ የሞተ ፓምፕ ይስጡኝ» አለቻቸው።

«የሞተውን ምን ያደርግልሻል? ልትቀብሪው ነው?»

«ያውቁታል።»

ጋሽ ባንክ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ቸኩለው አያውቁም። «የልጄ ባል የሚነዳው አውቶብስ ፍሬኑ ተበላሽቶ ቆሟል» አሉ። «ሰሌዳሽ ላይ ከታች ነው፤ ከድልድሉ በኋላ። ልጄ ደግሞ ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ‹አባዬ፣ አንተ እዚያ እያለህ ባሌ ቤት ይዋል?› ትለኛለች። ያንቺ እህት አንድ ቤት ነው ያለችው። የእኔዋ ኪሴ ውስጥ ነው ያለችው፣ በየደቂቃው ትጮኻለች።»

«ተራ አልሸጥም፣ ያውቁኛል።»

«አውቄሽ ነው በግልጽ የነገርኩሽ። ሌላ ሰው ብትሆኚማ በዘወርዋራ ነበር የምለው።»

ትታቸው ሄደች። ያን ቀን ቤት ስትገባ እህቷ ወንበሮቹን በሙሉ ግድግዳ ላይ አስጠግታ መሀል ቤት ቆማ ነበር። ሰሌዳ ሁሉንም ነገረቻት፣ ሳትጠየቅ። እህትየው ለአንዴም ሳታቋርጣት ሰማቻት፤ ይህ ራሱ አስፈሪ ነበር።

«እና አንቺ ጻድቅ ሆነሽ እኔ ቤት ልሙት?»

«ከኋላ ያለውን ወደ ፊት ሳመጣ መሀል ላይ ያሉት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እነሱም እህት አላቸው።»

«የእነሱን እህት አላውቃትም።»

«እትዬ።»

«እትዬ አትበይኝ። ጉልበቴን ነው የነገርኩሽ፣ ሌላ ምን አልኩሽ?» ብላ አንዱን ወንበር ወደ ቦታው መለሰችና ተቀመጠችበት። ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክሩ ይሻግታል» አለች። «በዝናብ የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ክር ይሻግታል። ይህን ታውቂያለሽ?»

ሰሌዳ ማለዳ ከሁሉም ቀድማ ቢሮዋ ገባች፣ ከሰሌዳው ፊት ቆመች፣ ብዙ አየችው። ከዚያ ጋሽ ባንክን አስጠራች።

«የሰው ተራ አልሸጥም» አለቻቸው። «የዳገቱን ተራ ግን እለውጣለሁ። የአማችዎ መኪና በዳገቱ አውቶብስ ቦታ ጉድጓዱ ላይ ይውጣ፤ የዳገቱ አውቶብስ በአማችዎ ቦታ ይውረድ። መሀል ላይ ያለ አንድም ሰው ንክች አይልም።»

«ታዲያ ያንቺ አውቶብስ መቼ ሊጠገን ነው? ድልድሉ ነገ እኮ ነው።»

«ዛሬ። ሜዳ ላይ። የውሃ ፓምፕ ከፊት ለፊት ነው የሚገጠመው፣ ጉድጓድ የግድ አይልም፤ ይህን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። የሚገጥሙትም እርስዎ ነዎት።»

«ጭቃ ላይ?»

«ጭቃ ላይ።»

ጋሽ ባንክ ወደ ጭቃው አዩ። ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። አላነሱትም። «የሴት ልጅ አባት አያድርግሽ» አሉና ቁልፋቸውን አወጡ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሰሌዳ የለወጠችው ተራ የራሷ አልነበረም። የዳገቱ ነበር፣ የእኛ። ጋሽ ባንክን ጭቃው ቢያስመርራቸውና ጥለው ቢሄዱ መስመራችን ታጥፎ ይቀር ነበር፤ እሷ ደግሞ ማንንም አልጠየቀችንም። እኔ በበኩሌ ይቅር ብያታለሁ። ይቅር ያላልኩት እንዲህ ያለውን ነገር እንድታደርግ ያደረሷትን ነው፤ ደንቡን፣ መስኮቱን፣ የሚያምረውን ፊርማ።

የተሰነጠቀውን ፓምፕ እንደ ሕፃን በጨርቅ አቅፋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ፍርግርጉ ተቀበላት፣ ገለጥ አድርጎ አየው፣ ፊቱም በራ።

«ውይ፣ አንተ ነህ?» አለው ፓምፑን። «እንኳን ደህና መጣህ።»

ሰሌዳ የሰማችውን አላመነችም። «ታውቀዋለህ?»

«ጆሮው የተሸረፈውን? እንዴት አላውቀውም። እዚህ መስኮት ላይ ከኔ እኩል አገልግሏል።»

«ማለት?»

ፍርግርጉ ነገሩ ሁሉ ግልጽ እንደሆነለት ሰው አያት። «እዚህ ያስረክቡታል። እኔ ከኋላ ካለው ክምር ላይ እጥለዋለሁ። አጥሩ እዚያ ጋ ተቀዷል። ከዚያ ደግሞ ይመጣል።»

«እና ትቀበለዋለህ?»

«ደንቡ አሮጌ አምጣ ነው የሚለው። ስንተኛ ጊዜው ነው አይልም።»

«አጥሩንስ ለምን አታስጠግንም?»

«አጥር የሕንፃ ክፍል ነው። የእኔ መስኮቱ ነው።»

ሰሌዳ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ያዘች። ፍርግርጉ ልትወድቅ መስሎት ውሃ ልስጥሽ አላት። እሷ ግን የምታስበው ያሳለፈቻቸውን ቀናት ነበር፤ ደብዳቤውን፣ እህቷን፣ የለወጠችውን ተራ። ከዚህ መስኮት ኋላ፣ በተቀደደ አጥር ውስጥ፣ የሚፈለገው ብረት ተቆልሎ ዝናብ ሲመታው ነበር።

«ስንት ዓመት አብረን ሠራን» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ሁሉም ያውቃል እኮ» አለ ፍርግርጉ፣ ከልቡ ተገርሞ። «አንቺ ቅን ነሽ፣ ይከፋታል ብለን ነው።» ከዚያም አዲሱን ፓምፕ ከነካርቶኑ በቀዳዳው አሾለከላት፣ ፈርሚ አላት፣ ፈረመች።

ጋሽ ባንክ ቃላቸውን አልበሉም። ጭቃው ላይ ካርቶን አንጥፈው ከአውቶብሱ አፍንጫ ሥር ተጋደሙ። ሰሌዳ ሸራ ዘርግታ ዝናቡን ትከላከልላቸዋለች፤ ሸራው ላይ የተጠራቀመው ውሃ በየመሀሉ ተዘርግፎ አንገታቸው ውስጥ ይገባል። ከጉድጓዱ ወገን የአማቻቸው መኪና ደረቅ ጣሪያ ሥር ቆሞ ይታያቸዋል፤ አማችየው ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

«እዪው እስቲ» ይላሉ ጋሽ ባንክ ከሥር። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አሳ ሆኜ፣ እሱ ዳቦ ይገምጣል። ልጄ ምኑን አይታ ነው?»

«ቡሎኑን ያጥብቁት ጋሼ።»

«አጠበቅኩት። አንቺ ደግሞ ሸራውን አጥብቂው። ጆሮዬ ሞላ እኮ።»

አንድ ቡሎን ጭቃው ውስጥ ወደቀና ሁለቱም በእጃቸው እየዳበሱ ፈለጉት። ጋሽ ባንክ ከስድብ ወደ ጸሎት፣ ከጸሎት ወደ ስድብ ሲመላለሱ ሰሌዳ አገኘችው። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ባንክ ወዲያው አልተነሱም፤ ተጋድመው አዳመጡ። ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለ።

«ፓምፑ ጥሩ ነው» አሉ። «ዲናሞው ግን ያጉረመርማል፤ ባትሪ የሚሞላው። ዛሬ አይደለም፣ ነገም አይደለም። ግን ብዙ አይቆይም።»

«አዲስ ዲናሞ ግምጃ ቤቱ አለው?»

«አለው። አሮጌ አምጪ ይልሻል እንጂ። የተበላሸ ዕቃ ደግሞ እዚህ ግቢ አውቶብስ ላይ አያድርም» ብለው ጭቃቸውን አራገፉና ወደ አማቻቸው ሄዱ።

በማግስቱ የዳገቱ አውቶብስ ድልድሉ ላይ «ይንቀሳቀሳል» ተብሎ ተመዘገበ፣ መስመሩም ተረፈ። ጠዋት የሰሌዳ እህት መጀመሪያ ከተሳፈሩት አንዷ ነበረች። አልፎከረችም፣ አላመሰገነችም። መስኮቱ አይዘጋም፣ ወንበሩ ረጥቧል፣ ሾፌሩ ጎረምሳ ነው ብላ እስከ ገበያ ድረስ አጉረመረመች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ማታ ከሥራ ስንመለስ ሦስታችንም አንድ አውቶብስ ላይ ተገናኘን። ሰሌዳ ዘግይታ ነው የመጣችው። የቀሚሷ ጫፍ በሽቦ እንደተያዘ ነገር ተቀዷል፤ በሁለት እጇ ያንጠለጠለችው ዘንቢል ደግሞ ወለሉ ላይ ስታሳርፈው ከበድ ያለ የብረት ድምፅ አሰማ። እህቷ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዲናሞ።»

«ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል ቤታችን?»

ሰሌዳ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ለክፉ ቀን ነው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ነገር ቁጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን እሷም የምታውቀው አልመሰለኝም። ተራ በጠመኔ የምትጽፍ፣ ብርቱካን የማትቀበል ሴት፣ በተቀደደ አጥር ሾልካ፣ የተቃጠለ ብረት ተሸክማ ወጥታለች። ካልተሸከመች ደግሞ አውቶብሱ ይቆማል።

እህትየው ብዙ ጊዜ የምትለው አያጣትም። አሁን ግን ዘንቢሉን በእግሯ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከወንበሩ ሥር አስገባችው። ከአንገቷ ላይ ሻርፗን ፈታች፣ ጎንበስ ስትል ጉልበቷ አሳቀቃት፣ የዘንቢሉን አፍ በሻርፑ ሸፈነችው።

«መካኒኮቹ እዚህ ይሳፈራሉ» አለች። «እንዳይሰርቁሽ።»